በዱቤ የሚፈጸም ጥፋት፦ የራግቢ ሊግ ፍጻሜዎችና ዘግይቶ የሚያርፍ ምት

ራግቢ ሊግ ለብዙ የአማርኛ አንባቢ ሩቅ ጨዋታ ነው። በአንድ ወገን አሥራ ሦስት ተጫዋቾች ይሰለፋሉ፤ ለ80 ደቂቃ፣ ያለ ብረት ቆብና ያለ ጠንካራ መከላከያ፣ ገላ ለገላ ይጋጠማሉ። ኳስ የያዘው ቡድን ስድስት ጊዜ ተይዞ እስኪወድቅ ድረስ ወደፊት መግፋት ይችላል፤ ስድስተኛው ላይ ኳሱን ስለሚያስረክብ አብዛኛውን ጊዜ ከአምስተኛው በኋላ አርቆ ይለጋዋል። ጨዋታው የተወለደው በሰሜን እንግሊዝ ነው። በ1895 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) የሰሜኑ ክለቦች ሃደርስፊልድ ከተማ በሚገኘው ጆርጅ ሆቴል ተሰብስበው ከነባሩ የራግቢ ማኅበር ተገነጠሉ። የጠባቸው ምክንያት ገንዘብ ነበር፤ ቅዳሜ ሥራ ቀርተው የሚጫወቱ የማዕድን ቆፋሪዎችና የፋብሪካ ሠራተኞች የቀረባቸው ደመወዝ ይካካስላቸው ነው ያሉት። ስለዚህ ይህ ጨዋታ ከጥንስሱ ጀምሮ የተጫዋቹን ጉልበት ዋጋ የሚያውቅ ጨዋታ ነው። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄም ከዚያ ይነሳል፤ የተጫዋቹን ዋጋ አውቃለሁ የሚል ስፖርት በዓመቱ ትልቁ ምሽት፣ በፍጻሜው፣ ተጫዋቹን የሚጠብቅበት እጁ ስለምን ይላላል? ያለፉትን ከሃምሳ የሚበልጡ ዓመታት የፍጻሜ ታሪክ ለተመለከተ ሰው ዋናው መልስ የተጫዋቾች ጭካኔ ወይም የሕግ እጥረት ሆኖ አይገኝም። በፍጻሜ ምሽት የጥፋቱ ጥቅም እዚያው ይታፈሳል፣ ቅጣቱ ግን ለመጪው ዓመት ይተላለፋል። ጥፋቱ በዱቤ ይፈጸማል ማለት ነው፤ ዕዳውንም ብዙ ጊዜ የሚከፍለው የተመታው ሰው ነው።

ዘግይቶ የሚያርፍ ምት ሲባል ኳሱን ያቀበለን ወይም የለጋን ተጫዋች ኳሱ ከእጁ ከወጣ በኋላ መምታት ነው። ሕጉ ኳስ ያልያዘን ሰው መጣል ጥፋት መሆኑን በግልጽ ይደነግጋል። የለጋ ሰው ዘግይቶ ከተመታ ቅጣት ምቱ የሚሰጠው ጥፋቱ በተፈጸመበት ሳይሆን ኳሱ ባረፈበት ቦታ ነው። ኳሱን ከመስመሩ ማዶ መሬት አስነክቶ ነጥብ ያስቆጠረ ሰው ሲመታ ደግሞ ቡድኑ ከተለመደው ተጨማሪ ምት ሌላ ከምሰሶዎቹ ፊት ለፊት የቅጣት ምት ያገኛል፤ አራት፣ ሁለትና ሁለት ተደምረው ስምንት ነጥብ ይሆናሉ። ሕግ አውጪዎቹ ይህን ጥፋት ከሌላው ለይተው ያከበዱት በምክንያት ነው። ኳስ ይዞ የሚሮጥ ሰው ግጭት እንደሚመጣበት ያውቃል፤ ትከሻውን ያዞራል፣ አንገቱን ያጠነክራል፣ ክብደቱን ወደ መሬት ያወርዳል። ኳሱን የለቀቀው ሰው ግን እጆቹ ተዘርግተዋል፣ ጎኑ ተከፍቷል፣ ዓይኑም ከኳሱ ጋር ሄዷል። የለጋውማ በአንድ እግሩ ነው የቆመው። መቶ ኪሎ የሚመዝን ሰው በሩጫ ሲደርስበት ምቱን የሚቀበሉት የተዘጋጁ ጡንቻዎች ሳይሆኑ የጎን አጥንቶቹ፣ አንገቱና አንጎሉ ናቸው። በዚህ ላይ ኳስ የሚያቀብሉትና የሚለጉት የቡድኑ መሪዎች፣ ስድስትና ሰባት ቁጥር የሚለብሱት አቀናባሪዎች ናቸው። እነዚህን በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ማድቀቅ የተጋጣሚን ዕቅድ ማድቀቅ ነው። ምቱን አደገኛ የሚያደርገው ነገርና አትራፊ የሚያደርገው ነገር አንድ ቦታ መገናኘታቸው የችግሩ ሥር ነው።

በአውስትራሊያ የሲድኒ ውድድርና ከእርሱ ያደገው የአገሪቱ ሊግ የፍጻሜ ታሪክ ይህን በሚገባ ያሳያል። በ1970 ፍጻሜ ሳውዝ ሲድኒ ከማንሊ ሲጫወቱ የሳውዝ ሲድኒ አምበል ጆን ሳትለር በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ውስጥ ኳስ በሌለበት በማንሊው ጆን ባክናል ቡጢ ተመትቶ መንጋጋው ተሰበረ። ሳትለር መጎዳቱን ተጋጣሚዎቹ እንዳያውቁ ጓደኞቹ ደግፈው እንዲያቆሙት ጠየቀ፤ ጨዋታውን ጨረሰ፤ ቡድኑም 23 ለ 12 አሸንፎ ዋንጫውን አነሳ። ከሦስት ዓመት በኋላ ማንሊ ከክሮኑላ የተጋጠሙበት የ1973 ፍጻሜ እስከ ዛሬ በሻካራነቱ ይታወሳል። እንግሊዛዊው የማንሊ ተጫዋች ማልኮም ራይሊ ኳስ ከለጋ በኋላ በክሮኑላው ሮን ተርነር ዘግይቶ ተመታና ጨዋታውን መጨረስ አልቻለም። ማንሊ 10 ለ 7 ቢያሸንፍም ያ ፍጻሜ ሲነሳ ቀድሞ የሚወራው ውጤቱ ሳይሆን ድብድቡ ነው። የሳትለር ታሪክ ግን ሌላ ዕጣ ገጠመው፤ የጀግንነት ታሪክ ሆነ። ጀግንነት መሆኑን የሚክድ የለም። ችግሩ አተራረኩ ላይ ነው። ታሪኩ በተደጋገመ ቁጥር ጎልቶ የሚወጣው የተመታው ሰው ጽናት ነው፤ ቡጢው ግን ማንም እንዳላደረሰው የተፈጥሮ አደጋ ተቆጥሮ ይታለፋል። በ2018 ፍጻሜ ኩፐር ክሮንክ በተሰበረ የትከሻ አጥንት ተጫውቶ ሲድኒ ሩስተርስ 21 ለ 6 ሲያሸንፉም ይኸው ዓይነት ውዳሴ ተሰምቷል። በሕመም ውስጥ መጫወትን የሚያወድስ ባህል ሳይፈልገው ማሳመምንም ያቀልላል፤ የተመታው ተነስቶ ከተጫወተ መቺው ምን አጠፋ ይባላልና።

አሁን ወደ ቅጣቱ እንምጣ፤ የክርክሬ መሠረት እዚህ ላይ ነውና። በ2008 የሜልበርን ስቶርም አምበል ካሜሮን ስሚዝ በጥሎ ማለፉ ከብሪዝበን ጋር ሲጫወት ሳም ታይዴይን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ያዘ በሚል ለሁለት ጨዋታ ታገደ። ታይዴይ ከባድ ጉዳት አልደረሰበትም። ሁለቱ ጨዋታዎች ግን ግማሽ ፍጻሜውና ፍጻሜው ነበሩ፤ አምበሉን ያጣው ሜልበርን በማንሊ 40 ለ 0 ተሸነፈ። በ2014 የሳውዝ ሲድኒው አይዛክ ሉክ በግማሽ ፍጻሜው በፈጸመው አደገኛ አጣጣል አንድ ጨዋታ ብቻ ታገደ፤ ያ አንድ ጨዋታ ግን ክለቡ ለ43 ዓመታት ሲጠብቀው የኖረው ፍጻሜ ነበር። እነዚህ ሁለት ሰዎች ያንኑ ጥፋት ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ በፍጻሜው በራሱ ቢፈጽሙት ኖሮ ምን ያጡ ነበር? ዋንጫውን ከነሜዳልያው ተቀብለው ወራት ከዘለቀ እረፍት በኋላ በሚመጣው የውድድር ዘመን መክፈቻ አንድ ወይም ሁለት ተራ ጨዋታ ያልፋቸው ነበር። የቅጣት ሠንጠረዡ በሳምንታት ስለሚቆጥር ሳምንት ሁሉ እኩል ይመስለዋል፤ ለተጫዋቹ ግን የግማሽ ፍጻሜ ማግስት ያለው ሳምንትና ከፍጻሜ በኋላ ያለው ሳምንት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ቅጣቱ ከሁሉ የሚከብደው ከፍጻሜው በፊት ባለው ሳምንት ነው፤ ከሁሉ የሚቀልለው ደግሞ ፈተናው ከፍ በሚልበት በፍጻሜው ምሽት ነው።

ይህ መዛባት ችሎቶቹንም ያስጨንቃል። በ2018 የሜልበርኑ ቢሊ ስሌተር በግማሽ ፍጻሜው የክሮኑላውን ሶሳያ ፌኪ በትከሻ ገጭተሃል ተብሎ ተከሰሰ፤ ቀጣዩ ፍጻሜ የጫማ መስቀያው ስለነበር አገሩ ሁሉ ጉዳዩን በጉጉት ተከታተለ፤ ችሎቱ ነጻ አወጣውና ተጫወተ። በእንግሊዝ ሱፐር ሊግ በ2022 የሴንት ሄለንስ ተጫዋች ሞርጋን ኖውልስ ከሳልፎርድ ጋር በተደረገው ግማሽ ፍጻሜ የተጋጣሚውን ክንድ ጠምዝዘሃል ተብሎ ሁለት ጨዋታ ታገደ፤ አንዴ ይግባኝ ብሎ ውድቅ ሆነበት፤ ዳግመኛ ይግባኝ ሲል እገዳው ተነሳለትና በፍጻሜው ተሰልፎ ዋንጫ አነሳ። ዳኞቹ በሕሊናቸው አልፈረዱም ለማለት ማስረጃ የለኝም፤ እንዲያ ማለትም አይገባም። ሆኖም አንድ ሰው ፍጻሜ ይለፈው ወይስ አይለፈው የሚለው ጥያቄ ከጥፋቱ ክብደት በላይ ሲገዝፍ፣ ተራው ተመልካች ሕጉ ለፍጻሜ ሲባል እንደ ጎማ ይለጠጣል ብሎ ቢጠረጥር አይፈረድበትም። እግር ኳስ ይህንን ችግር በራሱ መንገድ አቃልሎታል፤ ከ2010 የዓለም ዋንጫ ወዲህ የተጠራቀመ ቢጫ ካርድ ከሩብ ፍጻሜ በኋላ ስለሚሰረዝ፣ ማይክል ባላክ በ2002 እንደደረሰበት ማንም በግማሽ ፍጻሜ ባየው አንድ ቢጫ የተነሳ ፍጻሜ አያልፈውም። በቀጥታ ቀይ ያየ ግን ይታገዳል። ቀላሉን ከከባዱ መለየት ማለት ይህ ነው።

እገዳ በፍጻሜ ምሽት አቅም ካጣ፣ የቀረው ጥበቃ ሜዳ ላይ ያለው ዳኛ ነው። እዚህ ላይ ሁለተኛው ችግር ይመጣል፤ በፍጻሜ ዳኛው ፉጨቱን ይቆጥባል። ተንታኞች ተጫዋቾቹ ራሳቸው ይወስኑት ይላሉ፤ አሰልጣኞችም በየሳምንቱ ከሚያማርሩበት ሕግ በዚያ ምሽት ማረፍ ይሻሉ። ከእግር ኳስ ሁላችንም የምናስታውሰው አብነት አለ። በ2010 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ሆላንዳዊው ናይጀል ዴ ዮንግ የቻቢ አሎንሶን ደረት በጫማው ሲመታ ዳኛው ሃዋርድ ዌብ ቢጫ ብቻ አሳየው፤ ኋላ ግን ቀይ መሆን እንደነበረበት ራሱ ተናገረ። በራግቢ ሊግ ተቃራኒው የታየበት ምሽት በ1999 ነበር። በሲድኒ 107,999 ሰው በታደመበት ፍጻሜ፣ ጨዋታው ሊያበቃ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ፣ የሜልበርኑ ክሬግ ስሚዝ ከመስመሩ ማዶ ኳስ በአየር ላይ ቀልቦ ሲወርድ የሴንት ጆርጅ ኢላዋራው ጄሚ ኤይንስኮ ጭንቅላቱ ላይ መታው፤ ስሚዝ ራሱን ስቶ ወደቀ፣ ኳሱም አመለጠው። ዳኛው ቢል ሃሪጋን ከቪዲዮ ዳኛው ጋር ተማክሮ የቅጣት ነጥብ ሰጠ፤ ሜልበርን 20 ለ 18 አሸነፈ። ውሳኔው አከራካሪ ሆኖ ቆይቷል። እኔ ግን በፍጻሜዎች ታሪክ ሕጉ ሥራውን በትክክል ከሠራባቸው ጥቂት ቅጽበቶች አንዱ አድርጌ እቆጥረዋለሁ፤ ጥፋቱ የከለከለው ነጥብ እዚያው፣ በዚያው ደቂቃ ለተበዳዩ ተመለሰለትና።

የዳኛ ቆራጥነት ሊጸና እንደሚችል ያየንባቸው ጊዜያትም አሉ። የአውስትራሊያው ሊግ የትከሻ ግጭትን ከ2013 ጀምሮ ሲከለክል ጨዋታው ነፍሱ ወጣ ያሉ ብዙዎች ነበሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ በኩዊንስላንድ ውድድር ጄምስ አከርማን የተባለ ወጣት ተጫዋች ከትከሻ ግጭት በኋላ ሲሞት ክልከላው ለምን እንዳስፈለገ ለሁሉም ግልጽ ሆነ። በግንቦት 2021 ሊጉ በጭንቅላት ላይ ለሚያርፍ ምት የሚሰጠውን ቅጣት በድንገት ሲያጠብቅ በአንድ የጨዋታ ሳምንት መጨረሻ ብቻ ሦስት ተጫዋቾች ተባረሩ፣ ከአሥር በላይ የሚሆኑ ደግሞ ለአሥር ደቂቃ ከሜዳ ወጡ። ጩኸቱ ብዙ ነበር። ሆኖም በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ የሳውዝ ሲድኒው ላትሬል ሚቸል የሩስተርሱን ጆይ ማኑ ፊት በትከሻው ገጭቶ የጉንጭ አጥንቱን ሲሰብር የተሰጠው አሥር ደቂቃ ብቻ ነበር። በኋላ ስድስት ጨዋታ ታገደና ፍጻሜው አመለጠው፤ ቡድኑም ያለ እርሱ በፔንሪዝ 14 ለ 12 ተሸነፈ። ማኑም ቢሆን የዓመቱ ጨዋታው እዚያ አበቃ። በ2022 ሳውዝ ሲድኒና ሩስተርስ በጥሎ ማለፍ ዳግም ሲገናኙ ዳኛው ሰባት ጊዜ ተጫዋች ለአሥር ደቂቃ አስወጣ፤ በአንድ ጨዋታ ከፍተኛው ቁጥር ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ የሳውዝ ሲድኒው ታኔ ሚልን ከፔንሪዝ ጋር በተደረገው ግማሽ ፍጻሜ በከፍተኛ ምት ምክንያት በቀይ ተባረረ። በጥሎ ማለፍና በግማሽ ፍጻሜ ይህን ማድረግ ከተቻለ በፍጻሜ የማይቻልበት ምክንያት የለም።

እዚህ ላይ ከሁሉ የሚደጋገመው ተቃውሞ ይነሳል፤ ቀይ ካርድ ፍጻሜን ይገድላል፣ ዓመቱን ሙሉ የጠበቀ ሕዝብ አሥራ ሦስት ለአሥራ ሁለት ሊያይ አልመጣም የሚለው ነው። መልሱ በኦልድ ትራፎርድ በጥቅምት 2014 ተሰጥቷል። የሱፐር ሊግ ፍጻሜ በተጀመረ በሁለተኛው ደቂቃ የዊጋኑ ቤን ፍላወር የሴንት ሄለንሱን ላንስ ሆሃያ በቡጢ ጣለው፤ መሬት ላይ ተዘርሮ ሳለም ደገመው። ዳኛው ፊል ቤንትሃም ሳያመነታ አባረረው፤ በሱፐር ሊግ ፍጻሜ ታሪክ የመጀመሪያው ተባራሪ ሆነ። ፍጻሜው ግን አልሞተም። ዊጋን በአሥራ ሁለት ሰው እየተጫወተ መሪነቱን ይዞ ቆይቶ በሁለተኛው አጋማሽ ነው የተበለጠው፤ 14 ለ 6 ተጠናቀቀ። ፍላወር ስድስት ወር ታገደ። ሆሃያ በበኩሉ በሚቀጥለው ዓመት በተደጋጋሚ የአንጎል መናወጥ ምክንያት ጫማውን ሰቀለ። በዚያ ምሽት ፍጻሜውን ያበላሸው ካርዱ ነው የሚል ሰው ካለ የሆሃያን ሁኔታ አላየም ማለት ነው። ተመልካቹ የከፈለው ሁለቱን ሙሉ ቡድን ሊያይ ከሆነ፣ በዘገየ ምት የወጣው አቀናባሪም የዚያ ሙሉ ቡድን አካል ነው። አጥፊው ሲባረር ጨዋታው ጎደለ እያልን ተጎጂው በቃሬዛ ሲወጣ ጨዋታው ቀጠለ የምንል ከሆነ ሚዛናችን ተዛብቷል።

ሌላው ተቃውሞ ይበልጥ ክብደት አለው፤ አብዛኛው ጉዳት የሚመጣው ከሕጋዊ ግጭት ነው ይላል። እውነት ነው። በ2014 የአውስትራሊያ ፍጻሜ ሳም በርጀስ ገና በመጀመሪያው ግጭት ከጄምስ ግራሃም ጋር ጭንቅላት ለጭንቅላት ተጋጭቶ የጉንጭ አጥንቱ ተሰበረ። ማንም አላጠፋም። በርጀስ ተጫውቶ የምሽቱ ኮከብ ተባለ፤ ሳውዝ ሲድኒም ካንተርበሪን 30 ለ 6 አሸነፈ። በዚህ ጨዋታ አደጋን ከሥሩ ማጥፋት አይቻልም፤ ተጫዋቾቹም አውቀው ገብተውበታል። ነገር ግን የተቀበሉት ምኑን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ኳስ ይዤ ስሮጥ ግቱኝ ያለ ሰው ኳሱን ከለቀቅሁ በኋላም ግቱኝ አላለም። የማይቀረው አደጋ ብዙ መሆኑ የሚቀረውን ለመተው ምክንያት አይሆንም፤ እንዲያውም ገላቸው በሕጋዊው ግጭት ይህን ያህል ለሚሸከም ሰዎች ከሕግ ውጭ የምትጨመርባቸው አንዲት ምት እንኳ ትከብዳለች። በፍጥነት የሚሮጥ ሰው በሰከንድ ክፋይ ውስጥ መቆም አይችልም የሚለው መከራከሪያም የሚያስኬደው የተወሰነ ርቀት ብቻ ነው። ኳሱ ሲለቀቅ ከሰውየው ጋር ሊነካካ የደረሰ ተከላካይ መቆም ላይችል ይችላል፤ ክንዱን ከፍቶ አቅፎ መያዝና ክብደቱን መመለስ ግን ይችላል። ትከሻውን አስቀድሞ፣ እጁን ሰብስቦ የሚገባ ሰው ውሳኔውን የወሰነው ከመድረሱ በፊት ነው፤ ይህንን ደግሞ የቪዲዮ ምስል በግልጽ ያሳያል። የአውስትራሊያው ሊግ ከ2016 ጀምሮ ለዚሁ የሚሆን የማዕከላዊ ቪዲዮ ክፍል አለው።

ጉዳቱ ከጨዋታው ማግስት እንደማያበቃም ዛሬ እናውቃለን። የቀድሞው የካንተርበሪ ተጫዋችና አሰልጣኝ ስቲቭ ፎክስ በ2018 ካረፈ በኋላ አንጎሉ ሲመረመር በተደጋጋሚ ምት የሚመጣው የአንጎል መበላሸት ተገኘበት። ሰሜን ኩዊንስላንድን በ2015 ለዋንጫ ያበቃው አሰልጣኝ ፖል ግሪን በ2022 ሕይወቱ ካለፈ በኋላም ያው በሽታ፣ ያውም በከባድ ደረጃ፣ ተገኝቷል። ሊጉ ለዚህ እውቀት ምላሽ መስጠቱ ይመሰገናል። ከ2023 ጀምሮ የአንጎል መናወጥ የደረሰበት ተጫዋች በመርሕ ደረጃ ቢያንስ 11 ቀን ያርፋል። ሕጉ መልካም ነው። ከፍጻሜው ሳምንት ጋር ሲገናኝ ግን አንድ ያልታሰበ ውጤት ይወልዳል። ግማሽ ፍጻሜና ፍጻሜ በአንድ ሳምንት ያህል ይራራቃሉ፤ ስለዚህ በግማሽ ፍጻሜ ተመትቶ የአንጎል መናወጥ የደረሰበት ሰው ፍጻሜው ያመልጠዋል። የመታው ሰውስ? ጥፋቱ ቀላል ነው ከተባለ የገንዘብ መቀጮ ከፍሎ ሊጫወት ይችላል። ተመቺው የግድ አርፎ መቺው የሚሰለፍበት ፍጻሜ ሊኖር ይችላል ማለት ነው። የሕክምናው ሕግ መላላት የለበትም፤ የጥፋቱ ቅጣት ነው ከእርሱ ጋር መስተካከል ያለበት። ምቱ ከሕግ ውጭ ሆኖ ተጎጂው 11 ቀን ካረፈ አጥፊው ከዚያ ያነሰ ሊያርፍ አይገባም።

ረጅም እገዳ ብቻውን እንደማይበቃ አስቀድሜ አሳይቻለሁ፤ ግን ከንቱ አይደለም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የሲድኒው ሊግ የዲሲፕሊን ችሎት ሰብሳቢ ጂም ኮማንስ እገዳውን ከሳምንታት ወደ ወራት አሳድጎት ነበር። ቦብ ኩፐር በ1982 አሥራ አምስት ወር ታገደ። ሌስ ቦይድ በ1983 የዳሪል ብሮህማንን መንጋጋ በክርኑ ሰብሮ አንድ ዓመት ታገደ። ከዚያ በፊት የነበረው የሜዳ ላይ ድብድብ ወደ ነበረበት አልተመለሰም። አንድ ዓመት ሙሉ የሚወስድ እገዳ የፍጻሜውን አጥር ይሻገራል፤ መጪውን ፍጻሜም ይዞ ይሄዳልና። ስለዚህ በፍጻሜ ለሚፈጸም ከባድ ጥፋት እገዳው በጨዋታ ብዛት ብቻ ሳይቆጠር የቀጣዩን ዓመት የመጨረሻ ውድድር እንዲነካ ማድረግ ይቻላል። በ2021 የመጣው፣ በተጠባባቂነት የሚቀመጥ አሥራ ስምንተኛ ተጫዋችም በጎ ጅምር ነበር፤ በፍጻሜ ግን በሕገወጥ ምት ተጎድቶ ለወጣ ተጫዋች ሁሉ፣ አጥፊው ካርድ አየ አላየ ሳይባል፣ ምትክ መግባት አለበት። የዳኛ ስህተት ተበዳዩን ሁለት ጊዜ ሊበድለው አይገባም።

የሁለቱም ሊጎች ፍጻሜ አብዛኛውን ጊዜ በእኛ መስከረም መጨረሻና ጥቅምት መጀመሪያ ግድም ይውላል። ይህን ጨዋታ በቴሌቪዥን የምትከታተሉ አንባቢዎች አንድ ነገር አደራ፤ ኳሱ ሲለቀቅ ዓይናችሁን ከኳሱ ጋር አትላኩት፣ የለቀቀውን ሰው ለአንድ አፍታ ተመልከቱት። ዳኛው በሁለተኛው ደቂቃ እጁን ወደ መውጫው ሲጠቁም ደግሞ ፍጻሜውን አበላሸው አትበሉት። ቤንትሃም በ2014 ያደረገው በመጽሐፉ የተጻፈውን ነው፤ ሌሎቹ ዳኞችም ይህንኑ ለማድረግ አዲስ ሕግ አያስፈልጋቸውም።